«ሞተሩ ሞቷል» የተባለ ያገለገለ ፒት ባይክ፦ የቱ ይጠገናል፣ የቱ ይተዋል?

በርካሽ የሚሸጥ ያገለገለ ፒት ባይክ (ትንሽ፣ ከመንገድ ውጭ የሚነዳ ሞተር ሳይክል) ማስታወቂያው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ትንሽ ሥራ ይፈልጋል፣ ካርቡሬተሩ ብቻ ነው»። ካርቡሬተሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ አጥቦት ይነዳው ነበር። ሌላው ደግሞ ተስፋ ቆርጦ «ሞተሩ ሞቷል» ብሎ ይጥለዋል፤ ሲከፈት ግን ብዙ ጊዜ የሞተው ሞተሩ ሳይሆን ሽቦው ነው። ሁለቱንም ቃል አለማመን ይሻላል።

እዚህ የሚገመገመው በብዛት የሚገኘው ዓይነት ነው፤ ባለ 110 ወይም 125 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ሲሊንደሩ ወደ ፊት የተጋደመ ቻይና ሠራሽ ሞተር። ሥረ መሠረቱ የሆንዳ ከብ ነው፤ ሊፋንም ዞንግሸንም ዋይኤክስም የሚሠሩት የዚያኑ ዘመድ ነው። ፍርዱን ለማስቀደም፦ ሞተሩ ራሱ ከዋጋው በላይ ጥሩ ነው፤ በዙሪያው የተገጠመው ሽቦ፣ የካርቡሬተር መቀበያ (ካርቡሬተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው ቱቦ) እና ቡሎን ግን መናኛ ነው። ላይኛው ክፍል፣ ማለትም ሲሊንደሩ፣ ፒስቶኑና ቫልቩ፣ ተበላሽቶ ከተገኘ ይገዛ፤ ታችኛው፣ ማለትም ዋናው ዘንግ (ኮሎው) እና ማርሹ፣ ከሄደ ግን የሚገዛው ፍሬሙና ጎማው ብቻ እንደሆነ አስቦ መደራደር ነው።

ከመግዛት በፊት ሦስት ነገር በቂ ነው። ካንዴላውን ፈቶ መርገጫውን በእጅ መጫን፤ ከነጭራሹ አልዞር ካለ ፒስቶኑ ወይም ኩሽኔታው (ዘንጉን ተሸክሞ የሚያዞረው ቀለበት) ይዟል ማለት ነው። ከዚያ የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስቶ በእጅ እያዞሩ ማርሾቹን አንድ በአንድ ማስገባት፤ ሳይገባ የሚቀር ወይም ገብቶ የሚያመልጥ ማርሽ ካለ ሞተሩን ለሁለት መሰንጠቅ ይጠይቃል። ሦስተኛው ዘይቱ ነው። ጥቂት አፍስሶ በጣት ማሸት፤ እንደ ብር ቀለም ያለ ልም ዱቄት ከአሉሚኒየም መፋቅ የሚመጣ ስለሆነ ጥቂት ቢታይ አያስደነግጥም፣ ማግኔት የሚይዘው ስንጥር ግን ከማርሽ ወይም ከኩሽኔታ የተሰበረ ብረት ነው። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና ከልኩ ከበዛ ደግሞ የካርቡሬተሩ መርፌ አይዘጋም፤ ዘይቱ ሳይቀየር ማስነሳት ኮሎውን ያለ ቅባት ማስሮጥ ነው።

ፕላስቲኩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ማንም አይመነው። «140» ተብሎ የተጻፈበት 110 ሆኖ መገኘት የተለመደ ነው። እውነቱ ከሞተሩ በግራ በኩል፣ ከታች፣ ብረቱ ላይ ተቀርጿል፤ ለምሳሌ 1ፒ52ኤፍኤምአይ የሚል። መሐል ያለው 52 የሲሊንደሩ ውስጣዊ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ ትክክለኛው ልክ ብዙውን ጊዜ 52.4 ነው። ዕቃ ሲታዘዝ ይህንንና የፒስቶን ፒኑን ልክ፣ 13 ወይም 14 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ ለክቶ መያዝ ግድ ነው። በሞዴል ስም የታዘዘ ፒስቶን እንደ ሎተሪ ነው።

ምርመራው ከእሳት ይጀምር። አዲስ ካንዴላ መግዛት አያስቸግርም፤ በእነዚህ ሞተሮች ላይ የተለመደው 10 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ሲ7ኤችኤስኤ ነው፣ ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር። ጥርሱ የሚገባበት አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ መጀመሪያ በጣት ብቻ ይጠምዘዝ። እሳት ከሌለ ቦቢና (ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው ጥቅል ሽቦ) ለመግዛት ከመሮጥ በፊት የማጥፊያ ቁልፉን ሽቦ ከሲዲአይ ሳጥኑ (እሳቱን በሰዓቱ ከሚለቀው) መንቀል ነው። ያ ሽቦ፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር ከነጭ ጋር፣ ማሳ (የሞተሩን ወይም የፍሬሙን ብረት) ሲነካ ሞተሩን የሚያጠፋ ነው፤ መሪው ሥር ተፍቆ ብረት ሲነካ ሞተሩ ከነጭራሹ አይነሳም። እሳቱ ወዲያው ከመጣ ችግሩ ተገኘ። ካልመጣ በመልቲሜትር ከቮላኖው (ከኮሎው ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ሥር የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች መለካት፤ ሲዲአዩን የሚያበላው ጥቁር ከቀይ ወደ ማሳ በጥቂት መቶ ኦም፣ ምልክት የሚሰጠው ሰማያዊ ከነጭ ከ100 እስከ 200 ኦም ገደማ ሊያሳይ ይገባል። መስመሩ የተቋረጠ ከሆነ ኮይሉ ተቃጥሏል። የቦቢናው ማሳ ቀለም የተቀባ ፍሬም ላይ ታስሮ መገኘቱም ተደጋጋሚ ነው፤ ቀለሙን ፍቆ ማሰር ሁለት ደቂቃ ነው።

እሳቱ ጥሩ ሆኖ ሲረገጥ ወደ ኋላ የሚመታ ወይም በማርሚታው የሚተኩስ ከሆነ ቮላኖውን ከኮሎው ጋር የምታስማማው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ቁራጭ ብረት ተቆርጣለች ብሎ መጠርጠር ነው። ቮላኖው በራሱ ፑለር ብቻ ይነቀል። በመዶሻ የተመታ ቮላኖ ኮሎውን አጣሞ የሚመለስ ዕዳ ነው።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት። ጌጁን ካንዴላው ቦታ አስገብቶ ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ከአምስት እስከ ስምንት ጊዜ መርገጥ፤ ከ120 ፒኤስአይ በላይ ካሳየ ላይኛው ክፍል ደህና ነው፣ ከ90 በታች ከሆነ አይደለም። አንዳንዱ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ለመርገጥ እንዲያቀል የጭሱን ቫልቭ በጥቂቱ የሚከፍት ስልት አለው፤ ያኔ ንባቡ ዝቅ ቢል አያስፈርድም። ዝቅ ያለ ሲሆን በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት። ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ነው፣ ባለበት ከቀረ ቫልቩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቴስታታ (የሲሊንደሩን ራስ) ለመፍታት ይቸኩላል፤ ፑንቴሪያውን (የቫልቩን ክፍተት) ሳያይ። እነዚህ ሞተሮች ከሳጥናቸው ሲወጡ ጀምሮ ቫልቫቸው በዝግታ ወደ መቀመጫው ይሰምጣል፣ ክፍተቱም እየጠበበ ይሄዳል። ሲጠፋ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፤ በቀዝቃዛው የሚነሳው ሲሞቅ ጠፍቶ አልነሳ ይላል። ማስተካከያው ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ነው። በግራ በኩል የቮላኖውን ክዳን፣ ከቴስታታው ላይና ታች ደግሞ ሁለቱን የቫልቭ ክዳኖች ከፍቶ ቮላኖውን በግራ በኩል ሆነው ሲያዩት ወደ ሰዓት አቅጣጫ ተቃራኒ ማዞር፤ ፒስቶኑ ከላይ መድረሱን የሚያሳየው «ቲ» የተባለው ምልክት ከአካሉ ምልክት ጋር ሲገጥም ሁለቱም ሮከሮች (ቫልቮቹን የሚገፉት ክንዶች) በጣት ሲነኩ ጥቂት መላወስ አለባቸው። ካልተላወሱ ሙሉ አንድ ዙር ጨምሮ መሞከር፣ ፒስቶኑ ከላይ የደረሰው በጭስ ምት ነበርና። ልኩ በመግቢያም በመውጫም 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአንድ ፀጉር ውፍረት አይበልጥም። ፊለር ጌጁ (ክፍተት የሚለካው ስስ ብረት) ሲሳብ እንደ ወረቀት ከመጽሐፍ ሥር ሲወጣ ያለ ሳብ የሚል ስሜት ይሰጣል። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ አብሮ ስለሚዞር ከጠበቀ በኋላ እንደገና መለካት፤ አብዛኛው ስህተት እዚያች ላይ ነው የሚሠራው።

ነዳጁን በተመለከተ ቾክ ሲሳብ ብቻ የሚሄድ፣ ሲመለስ የሚጠፋ ሞተር ወይ ትንሿ የሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ የምትሠራው) ጄት ተደፍናለች፣ ወይ በካርቡሬተሩና በቴስታታው መካከል አየር ይገባል። ጄቷ በጣም ቀጭን የመዳብ ሽቦ ዘር ገብቶባት ትጠረግ እንጂ በመርፌ አትወጋ፤ ቀዳዳዋ ከሰፋ ልኳ ጠፋ። የአየር መግቢያውን ለመፈተሽ ሞተሩ በሚኒሞ እየሄደ በመቀበያው ዙሪያ ጥቂት የካርቡሬተር ማጽጃ መርጨት ነው፤ ድምፁ ከተለወጠ እዚያ ይተነፍሳል። ማጽጃው ይቀጣጠላልና ትኩስ ማርሚታ አጠገብ አይረጭ። የመቀበያው ፊት ከመጠን በላይ በመጥበቁ ተጣሞ ስለሚገኝ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ የተዘረጋ 400 ቁጥር የአሸዋ ወረቀት ላይ ማሸት ያስተካክለዋል። የድብልቁ ብሎን አንድ ተኩል ዙር ተፈቶ ይጀመር።

ቴስታታው መፈታቱ ካልቀረ የጊዜ ሰንሰለቱ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ በሽቦ ታስሮ ይቆይ። ሲመለስ «ቲ» ከምልክቱ፣ የካም ጥርሱ ላይ ያለው ክብ ምልክት ከቴስታታው ጭረት ጋር ይግጠም፤ አንድ ጥርስ ብትዘል ይነሳል ግን አቅም የለውም። የፒስቶኑ «ኢን» ወደ ካርቡሬተር ይዙር፣ የፋሻዎቹ ጫፎች በ120 ዲግሪ ይራራቁ። አዲሱ ፋሻ ለብቻው ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ የጫፎቹ ክፍተት ከ0.5 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ጥፋቱ የሲሊንደሩ ነው፤ ፋሻ ብቻ መቀየር ትርፉ ድካም ነው። ዳዶዎቹ በሰያፍ፣ በሁለት ሦስት ዙር ይጥበቁ፤ የመዳቡ ሮንዴላም ከየት እንደወጣ ምልክት ይደረግ፣ በዚያ ቀዳዳ ዘይት ያልፋልና።

ሲሊንደሩ ወልቆ ቢየላው (ፒስቶኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ወደ ላይና ወደ ታች ሲሳብ ቅንጣት መላወስ የለበትም። ወደ ጎን መንሸራተቱ ጤናማ ነው፤ ይህን ለይቶ አለማወቅ ብዙ ደህና ኮሎ አስጥሏል። ወደ ላይና ወደ ታች ካንኳኳ ግን ኮሎ መግዛት፣ ሞተሩን መሰንጠቅ፣ ኩሽኔታና ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) መለወጥ ሲደመር ሙሉ ሞተር ከመግዛት አይረክስም፣ ውጤቱም አያስተማምንም።

ዘይቱ ከ0.8 እስከ 0.9 ሊትር 10ደብሊው40 ነው። ፍሪሲዮኑ በዘይቱ ውስጥ ስለሚሠራ የሞተር ሳይክል ዘይት፣ «ጃሶ ኤምኤ» የተጻፈበት ይሁን፤ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትት ይችላል። ያገለገለ ከሆነ የቀኙን ክዳን አንድ ጊዜ ከፍቶ ከታች ያለውን የሽቦ ወንፊት ማውጣት ይገባል። በአሮጌ የጋርኒሲዮን ሲሊከን ተደፍኖ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ቴስታታው ዘይት ሳይደርሰው የሚፋቀውም በዚህ ሰበብ ነው።

የዚህ ዕቃ ትልቁ ብልጫ ሌላ ነው፤ ሞተሩ በፍሬሙ ላይ የሚንጠለጠለው ከኋላ በኩል ባሉ ሁለት ቡሎኖች ስለሆነ የአንዱ ፋብሪካ በሌላው ቦታ ይገባል። ሙሉ ሞተር ሲለወጥ ከቮላኖው ጋር የሚስማማውን ሲዲአይ አብሮ መግዛት፣ የፊት ጥርሱ (ሰንሰለቱን የሚነዳው ጥርሳም ክብ) የሚገባበት ዘንግ 17 ወይም 20 ሚሊ ሜትር መሆኑን አስቀድሞ መለካት፣ ከተገጠመም በኋላ የፊትና የኋላ ጥርሶች በአንድ መስመር መሆናቸውን ቀጥ ያለ ብረት አስጠግቶ ማየት ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ብትዛባ ሰንሰለቱ በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ሊወልቅ ይችላል።