ኔፔንተስ በፍሪጅ ውስጥ፦ የዐሥር ወር ልምዴ ከኮምቦልቻ

ይህችን ባለ መስታወት በር ትንሽ ፍሪጅ የገዛሁት የካቲት ላይ ነው። ያገለገለች ናት፤ 24 ሺህ ብር ከፈልኩባት። የገዛኋት ለለስላሳ ሳይሆን ኔፔንተስ ላሳድግባት ነው። አሁን ታኅሣሥ ገብቷል። ሙቀቱንም ክረምቱንም አብረን አይተናል።

ኔፔንተስ ነፍሳት የሚበላ ተክል ነው። የቅጠሉ ጫፍ ረዘም ያለ ክር ያወጣል፤ የክሩ ጫፍ ደግሞ አብጦ ክዳን ያላት ዕቃ ይሆናል። እኛ ቤት እንስራ ነው የምንላት። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ሥር የያዙ ሁለት ቁራጮች ሰጠኝ። አንዱን እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን ደሴ ላለችው እህቴ ላክሁላት። ዝርያው ቬንትሪኮሳ ይባላል፤ የፊሊፒንስ ደጋ ተክል ነው። የደጋ ኔፔንተስ ቀኑ ሞቅ ቢልም ይችላል። ሌሊቱ ወደ 15 ዲግሪ አካባቢ ካልወረደለት ግን እየደከመ ሄዶ እንስራ መሥራት ሊያቆም ይችላል። ፍሪጅ ያስገዛኝ ይሄ ነው።

የፍሪጅ የራሱ ማስተካከያ ለምግብ የተሠራ ስለሆነ ለተክል ከልክ በላይ ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ሙቀቱን እየለካ ፍሪጁን የሚያበራና የሚያጠፋ ዲጂታል ቴርሞስታት ለብቻው አስገጠምኩና 14 ዲግሪ ላይ አደረግኩት። ታይመሩ ማቀዝቀዣውን ከምሽቱ 1 ሰዓት ያበራል፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ያጠፋል። ቀን ቀን የኤልኢዲ መብራት ይበራል። ቴርሞስታት ስትገዙ ኮምፕሬሰሩ (የፍሪጁ ሞተር) እንደጠፋ ወዲያው እንዳይነሳ የሚያዘገይ ቅንብር እንዳለው አረጋግጡ። የእኔ 3 ደቂቃ ይጠብቃል። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቤት ኮምፕሬሰር ከመቃጠል የሚተርፈው በዚህች መዘግየት ነው።

ያልጠበቅኩት ችግር ድርቀት ነበር። ፍሪጅ ሲያቀዘቅዝ አየሩንም ያደርቃል። እርጥበቱ ቀዝቃዛው የኋላ ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ይይዝና በታችኛው ቀዳዳ ፈስሶ ይወጣል። በሦስት ሳምንት ውስጥ የክሮቹ ጫፍ ሁሉ ጠቁሮ ደረቀ። በጣም ነው ያዘንኩት። የእርጥበት መለኪያው 45 በመቶ ይል ነበር። ቀዳዳውን በሲሊኮን ደፈንኩት፤ ውሃው ወለሉ ላይ መጠራቀም ጀመረ። ተክሉ ያለበትን ማሰሮ ውሃው እንዳይነካው ከፍ አድርጌ ሽቦ ላይ አስቀመጥኩት። እርጥበቱ ከ75 በላይ ወጣ።

ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያዋ እንስራ መጣች። የክሩ ጫፍ መጀመሪያ ሽምብራ አከለ። ከዚያ ጠፍጣፋ እንደሆነች ቆየችና ቀስ በቀስ ተነፋች፤ ወገቧ ቀጠን፣ የአፏ ጠርዝ ቀይና ባለ ሸንተረር። ክዳኗ ተከፍቶ ያገኘሁት ጠዋት ላይ ነው። ባትሪ አብርቼ ወደ ውስጥ ሳይ ከታች የማንኪያ ያህል ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ መጣችና “ይሄን ማን ሞላው?” አለችኝ። ማንም አልሞላውም። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ተክሉ ራሱ ነው የሚያመነጨው።

ግንቦትና ሰኔ ላይ ፍሪጇ ዋጋዋን አወጣች። ቆርቆሮው ሙቀቱን ይዞ ስለሚያመሽ ክፍሌ ከሌሊቱ 4 ሰዓት ላይም 25 ዲግሪ ነበር። መብራት ሲጠፋ በረዶ የሆነ ውሃ በሁለት ሃይላንድ አስገባለሁ፤ እስኪነጋ ያደርሳል። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የዝናብ ውሃ በጀሪካን አጠራቀምኩ። ለዚህ ተክል የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚሠራው ማዕድን ሥሩንም ይጎዳዋል። ቆርቆሮ የሚያጥበውን የመጀመሪያ ዝናብ ግን አትያዙ። ማዳበሪያም አፈር ውስጥ አትጨምሩ።

መስከረም ላይ ድምፁ እንቅልፍ ስለነሳኝ ፍሪጇን ወደ በረንዳ አወጣኋት። ጥቅምት ላይ አንድ ሌሊት ነቃሁና ኮምፕሬሰሩ ዝም ብሏል። ተበላሸ ብዬ ደንግጬ ወጣሁ። በሩ ገርበብ እንዳለ ረስቼው ነበር፤ ቴርሞስታቱ 13 ይላል። ያቀዘቀዘው የደጁ አየር ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን በሌላ ዓይን አየሁት። ከኔፔንተሶች ሁሉ በትልቅነቱ የታወቀው ራጃ የሚበቅለው ቦርኒዮ ደሴት፣ ኪናባሉ ተራራ ላይ ከ1,500 እስከ 2,650 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። ከፍታውስ አለን! እዚያ ግን ጉምና ዝናብ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። እኛ ጋ በጋው ሲገባ ሰማዩ ጥርት፣ አየሩ ደረቅ ይላል። የጎደለን ቅዝቃዜ ሳይሆን እርጥበት ነው። ፍሪጇም አብዛኛውን ዓመት የጠቀመችኝ እርጥበት አፍና እንደምትይዝ የመስታወት ሣጥን ሆና ነው።

የእህቴ ተክል ይህንኑ ነው የሚያሳየው። ሐረጎን አልፎ ደሴ የገባው ቁራጭ የሚኖረው አሮጌ የዓሣ መስታወት ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ ነው። ምንም ኤሌክትሪክ የለውም። ዛሬ አምስት እንስራ አለው፤ የእኔ አራት። ኅዳር ላይ ቁሩ ሲበረታ ብቻ ከመስኮቱ ዘወር አድርጊው ብያታለሁ።

ስለዚህ ደሴ ያላችሁ ፍሪጅ አትግዙ፤ መስታወትና የዝናብ ውሃ ይበቃችኋል። ኮምቦልቻ ያላችሁ በረንዳ ካላችሁ መጀመሪያ ሌሊቱን በቴርሞሜትር ለኩት። በረንዳ ከሌላችሁና ጣራችሁ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ለግንቦትና ለሰኔ ፍሪጅ ያስፈልጋችኋል፤ እኔም ባልገዛ ኖሮ ተክሌ በእነዚያ ወራት ሊደክምብኝ ይችል ነበር።

አሁን የማቀዝቀዣውን ሶኬት ነቅያለሁ፣ የሚሠራው መብራቱ ብቻ ነው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ መልሼ እሰካዋለሁ። የበሩ ጎማ በአንድ ጎን ለቋል፤ ከዚያ በፊት ማስቀየር አለብኝ።