ለኢምፕሮቭ ቡድን ኦዲሽን፦ አንድ በአንድ ወይስ በጋራ?

ደሴ ላይ ኢምፕሮቭ፣ ማለትም ያለ ጽሑፍ እዚያው መድረክ ላይ የሚፈጠር ቴአትር፣ የሚሠራ ቡድን ልታቋቁሙ ነው እንበል። ሰው እንዴት ትመርጣላችሁ?

አንዱ መንገድ የለመድነው ነው። ሦስት ዳኞች ይቀመጣሉ፣ ተፈታኙ ብቻውን ይገባል፣ "እስቲ አስቀን" ይባላል። ድምፅና ድፍረት ይታይበታል። ግን ልጁ ላብ በላብ ይሆናል፤ አጠገቡ ሰው ስለሌለም ማዳመጥ መቻሉ አይታወቅም። የኢምፕሮቭ ዋናው ነገር ደግሞ እሱ ነው፦ ጓደኛህ የሰጠህን ተቀብለህ መጨመር።

ሁለተኛው በጋራ ነው። ስምንት ሰው አንዴ ይገባል፣ በስም ጨዋታ ይፍታታል፣ ከዚያ ጥንድ ጥንድ እየሆነ የሁለት ደቂቃ ትዕይንት ይሠራል። "ከፒያሳ ወደ ሸዋበር የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ናችሁ" በሏቸው። አንዷ "ወንድሜ፣ ፍየልህ እግሬን ረገጠችኝ" ስትል "የምን ፍየል?" ያለ ሰው ትዕይንቱን ገደለው። "ይቅርታ እህቴ፣ ሰርግ ረፍዶባት ነው" ያለው ግን ይመዝገብልኝ። ጥንዶቹን አቀያይሩ፤ ከጎበዝ ጋር ሲሆን ሁሉም ጎበዝ ይመስላል።

ጊዜ ይበላል፣ ዝምተኛውም በአፈኛው ሊዋጥ ይችላል። እኔ ግን ይሄኛውን እመርጣለሁ። ላልተመረጡትም ደውሉላቸው። ነገ ፒያሳ ላይ መገናኘታችሁ አይቀርም።