ያረጀ ላፕቶፕ ይጠገን ወይስ ይቀየር? ደብረ ብርሃን ላይ አስጠግኜ ከተጠቀምኩበት በኋላ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። እንደኔ ላለ ሥራ፣ ደብረ ብርሃንን በመሰለ ከተማ፣ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚገጠሙበት ዋናው ሰሌዳ) እስካልሞተ ድረስ ማስጠገኑ ያዋጣል። ምክንያቱ ግን ዋጋው ብቻ አይደለም።

ማሽኑ 14 ኢንች የቢሮ ላፕቶፕ ነው። ኢንቴል ኮር አይ5 ሰባተኛ ትውልድ፣ 7200ዩ የሚባለው፣ ከ4 ጊጋባይት ራምና ከ500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ጋር። ስገዛውም ያገለገለ ነበር። የአምራቹን ስም ያልጠቀስኩት የምለው ነገር በዚያ ዘመን ለወጡ ብዙ የቢሮ ላፕቶፖች ስለሚሠራ ነው። የምተዳደረው ሂሳብ በመያዝ ነው፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሱቆችና ወፍጮ ቤቶች፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ የማሾና የሽንኩርት ነጋዴዎች አሉኝ። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ መያዣ ፕሮግራም፣ ኤክሴል፣ በፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ) የሚጻፍ ደብዳቤ፣ አልፎ አልፎ ቴሌግራም። ከዚህ ሌላ አልጠይቀውም።

ይህም ከብዶት ነበር። ማብሪያውን ተጭኜ ፒችትሪ እስኪከፈት ደንበኛው ሻዩን ጠጥቶ ይጨርሳል። ባትሪው ከቻርጀር ከተነቀለ ግማሽ ሰዓት አይቆይም፤ መብራት ሲሄድ ሥራውም አብሮ ይሄዳል። ጥገና ቤት ስወስደው ባለሙያው ገና ሳይከፍተው፣ «ጋሼ፣ ይሄን ሽጠው ትንሽ ጨምረው ሌላ ይግዙ» አለኝ። ቅን ምክር ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የታመመው የቱ ክፍል እንደሆነ ይታይ አልኩ።

ማየቱ ወጪ የለውም። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን ቢጫ አሳየው። ዲስኩ የተበላሹ ቦታዎቹን እየተወ ወደ መጠባበቂያው መሻገር ጀምሯል ማለት ነው። ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ደግሞ ባትሪው ሲመረት ከነበረው አቅም የቀረው ከሲሶ ጥቂት የሚበልጥ እንደሆነ ነገረኝ። ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑና ማዘርቦርዱ ደህና ናቸው። ስለዚህ «ላፕቶፑ አርጅቷል» የሚለው ጥቅል አነጋገር ትክክል አልነበረም፤ ያረጁት ሁለት የሚቀየሩ ዕቃዎች ናቸው።

እዚህ ላይ የአገራችንን ከፍታ ላንሳ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ በሚሽከረከረው ሳህን ላይ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ንጣፍ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ፣ አብዛኞቹ አምራቾች በመመሪያቸው የሚጽፉት የሥራ ከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትርን ያለፈች ከተማ ናት፤ ከጣሪያው በታች ብትሆንም ብዙ አይቀራትም። ጣርማ በርና የመንዟ መሃል ሜዳ ግን 3,000ውንም ተሻግረዋል። የኔ ዲስክ የታመመው በከፍታ ነው አልልም፤ ዕድሜውም ይበቃዋል። ሆኖም መንዝ ውስጥ ተቀምጦ ሃርድ ዲስክ ይሻለኛል ወይስ ኤስኤስዲ ለሚለኝ ሰው መልሱ ግልጽ ነው። ኤስኤስዲ መረጃን በቺፕ ላይ የሚይዝ ማከማቻ ስለሆነ የሚሽከረከርም የሚንሳፈፍም ነገር የለውም። ሚኒባስ ውስጥ ቢንገጫገጭም ግድ የለውም።

በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባ፣ ሳታ የሚባለውን ዓይነት 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አስገባሁ፤ ባዶ በነበረው የራም ቦታ 8 ጊጋባይት ዲዲአር4 ጨመርኩ፤ ባትሪውን ቀየርኩ። ከሦስቱ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ኤስኤስዲውን እመርጣለሁ፣ ያለ ምንም ማመንታት። በወረቀት ሲታይ የሳታ ኤስኤስዲ በሴኮንድ 500 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ወደ 100 ነው። በሥራ ላይ የሚሰማው ልዩነት ግን ከአምስት እጥፍ በላይ ነው፤ ዊንዶውስም ሆነ ፒችትሪ የሚያነቡት አንድ ትልቅ ፋይል ሳይሆን እዚህም እዚያም የተበተኑ ሺህ ትናንሽ ፋይሎች ናቸው፣ ሃርድ ዲስክ ደግሞ የሚደክመው እዚያ ላይ ነው። አሁን ደንበኛው ሻይ ሳይቀርብለት የሂሳብ ሚዛኑ ተከፍቷል። ራሙ የረዳኝ ኤክሴልና ብራውዘር አብረው ሲከፈቱ ነው፤ ለፒችትሪ ብቻ ቢሆን ባልነካሁት። ደግሞም የራም ዋጋ ከፈረንጆቹ 2025 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ገበያ ሽቅብ ወጥቷል፤ ዛሬ የሚገዛ ሰው ያስብበት።

አሮጌውን ዲስክ አልጣልኩትም፤ በዩኤስቢ ኬዝ አድርጌ የሁለተኛ ደረጃ መጠባበቂያ አደረግሁት። በቢጫ ዲስክ ብቻ አልተማመንም፤ ዋናው የፒችትሪ ባክአፕ ፍላሽ ላይ ነው።

ባትሪው ላይ ደስታዬ ግማሽ ነው። «ኦርጅናል ነው» የሚለውን ቃል ማንም ይላል፤ የሚታመነው ሪፖርቱ ነው። ስገዛ ሻጩ ፊት አስገብቼ አቅሙን አየሁት፤ ከተጻፈበት ያንሳል፣ ግን የሚያሳፍር አልነበረም። ከወራት በኋላ አሁንም ከሁለት ሰዓት በላይ ያሠራኛል። የሚጎዳው የኔ መንገድ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ይወርዳል፤ ሌሊት መኪና ውስጥ ያደረ ላፕቶፕ ጠዋት ወዲያው ቻርጅ አይደረግም፣ ሊትየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ይጎዳልና። ክፍል ውስጥ ገብቶ እስኪሞቅ፣ የያዘውም እርጥበት እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ከፍታው ከ1,500 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ እዚያ ጠላቱ ሙቀት ነው፣ ማራገቢያውም ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። አቧራውን አስጠርጌ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሻግረውን ቅባት (ተርማል ፔስት) ካስቀየርኩ በኋላ ጩኸቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ባትሪው 80 በመቶ ላይ እንዲቆም ማድረጉ ለቆላው ሥራ ረድቶኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ ተወው» የሚባል መለኪያ አለ። ይህ መለኪያ የሚሠራው ምትኩ አዲስ፣ ከነዋስትናው ከሆነ ነው። ለእኛ ግን «ሌላ ግዛ» ማለት ሌላ ሰው የተጠቀመበትን ላፕቶፕ ግዛ ማለት ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ አዲስ ላፕቶፕ ያን ጊዜ ከኔ ዓይነቱ ሰው ሐሳብ ወጣ። የኔ ጥገና ተደምሮ ሻጮች ለተሻለ ያገለገለ ማሽን ከጠየቁኝ ሲሶ አልሞላም። ከዋጋው በላይ ግን የከበደኝ ሌላ ነው። ያገለገለ ማሽን ስገዛ ባትሪው፣ ዲስኩ፣ ማጠፊያው በማን እጅ እንዴት እንደኖረ አላውቅም። ከአዲስ አበባ ገዝቼ ቢበላሽ 130 ኪሎ ሜትር ተመልሼ ስልኩን የማያነሳ ሰው መፈለግ አለብኝ። የጠገነልኝን ልጅ ግን በየቀኑ በሱቁ በር ሳልፍ ሰላም እለዋለሁ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የተባለው ለላፕቶፕ ባይሆንም ይስማማዋል።

ጥገና የማይፈታው ችግር አንድ ነው፤ እሱም ዊንዶውስ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። የኔ ሰባተኛ ነው፤ በአንድ ቁጥር ቀረ። በጓሮ በር የሚያስገቡ አሉ፣ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለገባ ማሽን የወደፊት ማሻሻያ አይረጋገጥለትም ይላል፤ የሰው ሂሳብ ይዤ አልሞክረውም። ሊኑክስ ሚንት ለተማሪና ለጸሐፊ ጥሩ መውጫ ነው፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ፒችትሪ ግን የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ ለኔ በሩ ዝግ ነው። የመረጥኩት በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የሚመዘገቡበትን የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ ነው፤ እሱም ጥቅምት 3 ቀን 2019 ያበቃል።

ያልጠገንኳቸውም አሉ። የግራው ማጠፊያ ላልቷል፣ አንዱ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሞቷል፣ ከኪቦርዱ ላይ የጥቂት ፊደላት ጽሑፍ ጠፍቷል። ሥራ አያስቆሙም፤ ገንዘብ አላወጣባቸውም። ስክሪኑ ቢሰበር እቀይረዋለሁ። ማዘርቦርዱ ቢቃጠል ግን «ቺፑን አሙቀን እናስነሳዋለን» ለሚለኝ ሰው አምስት ሳንቲም አልከፍልም፤ እንዲህ የተነሣ ማሽን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይተኛል።

የተራዘመው ጊዜ ሲያልቅ ያገለገለ ስምንተኛ ትውልድ እፈልጋለሁ። ሻጩ ፊት የባትሪ ሪፖርቱን አወጣለሁ፣ ዲስኩን አስመረምራለሁ፣ ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም) በቀድሞው መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃል እንዳልተቆለፈ አያለሁ። ራሙ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ካልሆነ 8 ጊጋባይቱን ነቅዬ ይዤው እሄዳለሁ። ኤስኤስዲው እዚሁ ይቀራል፤ ሊኑክስ ሚንት ተጭኖበት ላፕቶፑን ለቤት ልጆች እሰጣለሁ።