ኢንክስኬፕን በጭላዳ ፈተንኩት

የእህቴ ልጅ 5 አመቷ ነው፣ ፊደል መቁጠር ጀምራለች፣ እና ከሱቅ ገዝተን ግድግዳ ላይ የለጠፍንላት የፊደል ፖስተር ላይ ካሉት እንስሳት ግማሾቹን እዚህ ሀገር ፈልጋ አታገኛቸውም፣ ፔንጉዊን አለ፣ ካንጋሮ አለ፣ ጭላዳ ግን የለም፣ ዋልያም የለም፣ ቀይ ቀበሮም የለም። ነገሩ ስለከነከነኝ ካርዶቹን ራሴ ልሰራላት ወሰንኩ። ስዕል የተማርኩ ሰው አይደለሁም፣ እርሳስ ይዤ እንስሳ ሳልኩ ብዬ አላውቅም፣ አንድ ጓደኛዬ ግን "ክብና አራት ማዕዘን መደርደር ከቻልክ ይበቃሃል" ብሎ ኢንክስኬፕ የሚባለውን የኮምፒውተር ስዕል መስሪያ ፕሮግራም ጫነልኝ። ይኸው ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፣ ከስራ መልስ ማታ ማታ እየተቀመጥኩ 11 እንስሳ ጨርሻለሁ፣ ከሁሉም የለፋሁበትም ከሁሉም የወደድኩትም ጭላዳው ስለሆነ ስለ ፕሮግራሙ ያለኝን አስተያየት በሱ በኩል ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ የሚከፈል ነገር እንደሌለ ልናገር። ነፃ ሲባል የ30 ቀን ሙከራ ሰጥቶ ከዛ የሚቆልፍ አይነት አይደለም፣ አካውንት ክፈቱ አይልም፣ ኢሜይል አይጠይቅም፣ አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ይሰራል፣ ዊንዶውስ ላይም ማክ ላይም ሊኑክስ ላይም ይጫናል። በፈረንጆቹ 2003 ሶዲፖዲ ከሚባል ሌላ ነፃ ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣ ነው፣ 1.0 የሚለው ቁጥር ላይ የደረሰው ደግሞ በ2020 ነው፣ 17 አመት ሙሉ ሰዎች በበጎ ፈቃድ ሲደክሙበት ኖረው ማለት ነው፣ ይሄን ሳውቅ ለፕሮግራሙ ያለኝ አክብሮት ጨመረ። እኛ ጋ ዲዛይን ሲባል ሰው ቶሎ የሚጠራው ኢሉስትሬተርን ነው፣ እሱ በየጊዜው የሚከፈልበት ነው፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሬ ስለሆነ ከዚህ ሆኖ መክፈል ለብዙ ሰው አይሆንለትም፣ ስለዚ ክራክ የተደረገውን በፍላሽ ይቀባበላል፣ ቫይረሱንም አብሮ ይቀባበላል። ለልጆች ካርድ፣ ለስቲከር፣ ለቲሸርት ስዕል፣ ለትንሽ ሱቅ ሎጎ ያን ሁሉ ጣጣ ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

ኢንክስኬፕ የሚሰራው ቬክተር የሚባለውን የስዕል አይነት ነው። ቬክተር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ፣ ፎቶ ከጥቃቅን ነጥቦች የተሰራ ስለሆነ ስታሳድጉት ይፈዛል ይቆራረጣል፣ ቬክተር ግን ቅርፁን የሚያስቀምጠው በሂሳብ ነው፣ ክቡ መሃሉ የት ነው ስፋቱ ስንት ነው ብሎ። ስለዚ ያው አንድ ጭላዳ በጥፍር ልክ ስቲከርም ይሆናል የግድግዳ ባነርም ይሆናል፣ ጠርዙ አይበላሽም። ፋይሉ ኤስቪጂ ይባላል፣ የኢንክስኬፕ የብቻው ነገር አይደለም፣ ኢንተርኔት መክፈቻ ብሮውዘራችሁም ይከፍተዋል።

አሁን ወደ ጭላዳው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የትም የለም፣ ሰሜን ተራሮች ላይ አለ፣ መንዝ ጓሳ አለ፣ ደብረ ሊባኖስ ገደሉ አፋፍ ላይ አለ፣ ቁጭ ብሎ ሳር እየነጨ ነው የሚውለው። ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለው፣ ወንዱ ደግሞ ከትከሻው እንደ ካባ የሚወርድ ጎፈር አለው። እነዚህን ሁለቱን ከያዛችሁ የ5 አመት ልጅ "ጭላዳ!" ትላችኋለች፣ ከሳታችኋቸው የሳላችሁት ተራ ጦጣ ነው። ስለዚ ጣት፣ ጥፍር፣ የፀጉር ክር ምናምን ሁሉንም ትቼ ልፋቴን እዚህ ሁለቱ ላይ አደረግኩት።

ገላው ቀላል ነበር። ኤፍ 5ን ስትጫኑ የክብ መሳሪያው ይመጣል፣ ማውሱን ስትጎትቱ ሞላላ ይወጣል፣ ኮንትሮልን ይዛችሁ ከጎተታችሁ ደግሞ ድፍን ክብ ታገኛላችሁ። አንድ ትልቅ እንቁላል የመሰለ ለገላው፣ አንድ ለጭንቅላት፣ አንድ ወደፊት ወጣ ላለው አፍና አፍንጫው፣ ሁለት ለተጣጠፉት ጉልበቶች፣ ሁለት ትንንሽ ለጆሮ፣ በቃ 7 ሞላላ ደርድሬ ከወንበሬ ራቅ ብዬ ሳየው የተቀመጠ እንስሳ ሆኗል። የቱ ከፊት የቱ ከኋላ ይሁን የሚለውን በፔጅ አፕና በፔጅ ዳውን ነው የምትቀይሩት። እዚህ ጋ አንድ ጀማሪን የሚያስጨንቅ ነገር አለ፣ ሞላላውን በኖድ መሳሪያ (ጠርዙ ላይ ያሉትን ኖድ የሚባሉ ነጥቦች በሚያንቀሳቅሰው) ጫፉን ይዤ ልጎትት ብትሉ እንደፈለጋችሁ አይታዘዝም፣ ምክንያቱም ለፕሮግራሙ አሁንም "ሞላላ" ነው፣ መጀመሪያ ፓዝ የሚለው ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ኦብጀክት ቱ ፓዝ (ቅርፁን እንደልብ ወደሚታጠፍ መስመር ቀይረው እንደማለት) ማለት አለባችሁ፣ ያኔ ኖዶቹ ይወጡና እንደ ሊጥ ወደፈለጋችሁበት ትስቡታላችሁ።

ልቤን የወሰደው ግን ጎፈሩ ነው። መጀመሪያ በብዕር መሳሪያው ፀጉሩን አንድ በአንድ እየሳልኩ ሁለት ማታ አሳለፍኩ፣ የወጣው ነገር ጎፈር ሳይሆን እሾህ ነበር፣ ሁሉንም አጠፋሁት። በሶስተኛው ማታ የኮከብ መሳሪያውን እየነካካሁ ከላይ ባለው ሳጥን ላይ የማዕዘኑን ብዛት ከ5 ወደ 40 ከፍ አደረግኩት፣ ስፖክ ሬሾ የሚለውን 0.8 አካባቢ ሳደርገው ሾጣጣነቱ ጠፋና ልክ የለስላሳ ቆርኪ መሰለ። ከዛ ራንደማይዝድ የሚለው ቦታ 0.03 ስጽፍበት እያንዳንዱ ጫፍ በየፊናው ትንሽ ትንሽ ተዛነፈ፣ ቁጭ ፀጉር! እውነቴን ነው የምላችሁ ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ። ሶስት እንደዚ አይነት ኮከብ በመጠን እያሳነስኩ አንዱን ባንዱ ላይ ደረብኩ፣ ከታች ያለው ጥቁር ቡኒ፣ መሃለኛው ቡኒ፣ የላይኛው የደረቀ ሳር ቀለም፣ እያንዳንዱን በትንሹ አዞርኩት፣ ጭንቅላቱን ከላይ ሳስቀምጥበት ንፋስ የሚያራግበው ጎፈር ወጣው። ከሁሉም የሚገርመው ኮከቡ ኮከብ ሆኖ ስለሚቆይ በሳምንቱ ተመልሳችሁ "40 በዛ 30 ይሁን" ብትሉ ቁጥሩን መቀየር ብቻ ነው፣ አዲስ መሳል የለም። ስፖክ ሬሾም ራንደማይዝድም ስማቸው ያስፈራል እንጂ መነካካት ነው መድሃኒታቸው።

ቀዩ ደረት ላይ ደግሞ የቅርፅ መደመርና መቀነስን ተማርኩ። ሁለት ክብ ጎን ለጎን፣ ከስራቸው አንድ የተገለበጠ ሶስት ማዕዘን፣ ሶስቱንም መርጣችሁ ኮንትሮል ፕላስ ስትሉ ዩኒየን ይሰራና አንድ ልብ ይሆናሉ። ኮንትሮል ማይነስ ደግሞ ይቀንሳል፣ ከላይ ያለው ከስር ያለውን እንደ ድፎ ዳቦ ይቆርጠዋል። የሚያደናግረው ቀለሙ ነው፣ ከተዋሃደ በኋላ የሚይዘው ከስር የነበረውን ቅርፅ ቀለም ነው፣ ይሄን ሳላውቅ ቀይ ያደረግኩት ነገር እየጠቆረብኝ ስንት ጊዜ ወደኋላ መለስኩት መሰላችሁ፣ ስለዚ ቀለሙን የምትፈልጉትን ከስር አድርጉት። የገላውን ጥላም በዚሁ ነው የሰራሁት፣ ገላውን በኮንትሮል ዲ አባዝቼ፣ ሌላ ትልቅ ሞላላ በሰያፍ አስቀምጬ፣ ሁለቱ የሚጋሩትን ክፍል ብቻ የሚያስቀረውን ኢንተርሴክሽን ስለው ከገላው ጠርዝ ዝንፍ የማይል ጥላ ሰጠኝ። እነዚህን ሾርትከቶች መያዝ የሚከብዳችሁ ከሆነ 1.3 ላይ በ2023 ሼፕ ቢልደር የሚባል ጨምረዋል፣ ቅርፆቹን መርጣችሁ የሚደመረውን በማውስ ትዳስሱታላችሁ፣ የሚወጣውን ሺፍት ይዛችሁ ትነኩታላችሁ። ለጀማሪ ከሱ የሚቀል የለም፣ ስለዚ ጓደኛ ኮምፒውተር ላይ ያለውን አሮጌ ቨርዥን ከመገልበጥ 1.3ን ወይም ከዛ በላይ ያለውን አውርዱ።

ፊቱ ላይ አንድ አይን ብቻ ነው የሳልኩት። ጭላዳ የአይኑ ሽፋን ነጣ ያለ ስለሆነ ነጣ ያለ ሞላላ፣ በላዩ ቡኒ ክብ፣ በላዩ ጥቁር፣ ጫፉ ላይ የብርሃን ነጥብ፣ ከላይ ወፍራም ቅንድብ፣ ሁሉንም ኮንትሮል ጂ ብዬ አስሬ በአልት ዲ ክሎን አደረግኩትና ኤችን ስነካ ፊቱን አዞረ፣ ወደ ቀኝ አሻገርኩት። ክሎን ከተራ ኮፒ የሚለየው ከዋናው ጋር እንደተሳሰረ መቅረቱ ነው፣ የግራውን ቅንድብ ወደታች ሳወርደው የቀኙም አብሮ ወረደ፣ ጭላዳው ተቆጣ፣ ሳወጣው ደነገጠ። ልጅቷ አጠገቤ ቁጭ ብላ "አናደው፣ አሁን አስቀው" እያለች አንድ ሰአት ሙሉ አጫወተችኝ።

አማርኛ ላይ ችግር የለበትም። በምትጠቀሙበት የአማርኛ ኪቦርድ ጽሁፍ መሳሪያው ላይ "ጭ" ብላችሁ መጻፍ ነው፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በሚባለው ፎንት ሞክሬው ጥርት ያለ ነው። ግን ፋይሉን ለሌላ ሰው ከመላካችሁ በፊት ፊደሎቹን መርጣችሁ ኦብጀክት ቱ ፓዝ በሏቸው፣ በጣም ነው የማሳስባችሁ፣ እኔ ይሄን ረስቼ ኤስቪጂውን አንድ ማተሚያ ቤት ወስጄ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ስላልነበረ ፊደሎቹ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆነው ታዩ፣ እንደገና ቤት ደርሼ መመለስ ነበረብኝ፣ ከሰአቴ በዚሁ አለቀ። ወደ ፓዝ ከቀየራችሁት በኋላ ፊደሉ ስዕል ስለሚሆን መተየብ አይቻልም፣ ስለዚ የሚተየበውን አንድ ኮፒ ለብቻው አስቀምጡ።

ህትመቱ ላይ ነው ፕሮግራሙ የሚጎድለው፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። ስክሪን ቀለም የሚሰራው ከቀይ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ነው፣ ማተሚያ ግን ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ነው የሚጠቀመው፣ ኢንክስኬፕ እስከ 1.4 ድረስ ፋይሉን በዚህ በህትመት ቀለም አዘጋጅቶ አያወጣም። ስክሪኔ ላይ እንደ በርበሬ ያበራ የነበረው ደረት ወረቀቱ ላይ የሸክላ ቀለም ሆኖ ነው የወጣው፣ ጭላዳው ላይ ዋናው ነገር ቀዩ ነው፣ በጣም አዘንኩ። ሁለት መንገድ አገኘሁ፣ አንደኛው ስክሪበስ የሚባል ሌላ ነፃ ፕሮግራም ላይ አስገብቶ የህትመት ፒዲኤፍ ከዛ ማውጣት ነው፣ ሁለተኛው ትንሽ ወረቀት ላይ አምስት ስድስት አይነት ቀይ ደርድሮ መጀመሪያ ያንን አሳትሞ ጥሩ የወጣውን መምረጥ ነው። እኔ ሁለተኛውን ነው ያደረግኩት፣ የመረጥኩት ቀይ ስክሪን ላይ ትንሽ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ወረቀት ላይ ግን ያምራል። ስራችሁ በሙሉ ህትመት ከሆነ፣ በየቀኑ ብሮሹርና መፅሄት የምትሰሩ ከሆነ፣ ይሄ ጉድለት ያሰለቻችኋል። ለስልክ፣ ለዌብሳይት፣ ለቪድዮ ከሆነ ግን አይመለከታችሁም፣ ፒኤንጂ የሚባል የምስል ፋይል አድርጎ በፈለጋችሁት መጠን ያወጣላችኋል።

ላፕቶፓችሁ እንደኔ 4 ጊጋ ራም ያለው ከሆነ ብለር የሚለውን ማደብዘዣ አታብዙ፣ ከባድ ነው፣ ዙም ባደረጋችሁ ቁጥር እንደገና ሲሰላ ትጠብቃላችሁ። ካርቱን ደግሞ ብለር አይፈልግም፣ ጥላን ቅድም እንዳልኳችሁ በኢንተርሴክሽን ቁርጥ አድርጋችሁ ስትሰሩት እንደውም የበለጠ ያምራል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ፕሪፈረንስ ውስጥ አውቶሴቭ አለ፣ በየስንት ደቂቃው እንደሚያስቀምጥ ራሳችሁ ትሞላላችሁ፣ እኔ 3 ደቂቃ አድርጌዋለሁ። መማሪያ ፍለጋ ዳታ ከመጨረሳችሁ በፊት ደግሞ ሄልፕ ሜኑ ውስጥ ቱቶሪያልስ የሚለውን እዩት፣ ትምህርቱ ራሱ እንደ ስዕል ፋይል ይከፈትና እዛው ላይ ያሉትን ቅርፆች እየነካካችሁ ትሞክራላችሁ፣ ሼፕስ የሚለውን ምዕራፍ መጀመሪያ ብትጨርሱት ከላይ ያወራሁት ኮከብም ሞላላም እዛ አለ።

ካርዶቹ ታትመው ቤት ሲመጡ ልጅቷ ጭላዳውን አነሳችና "ልጁስ የታለ?" አለች። እውነቷን ነው፣ የጭላዳ ግልገል እናቱ ጀርባ ላይ ነው የሚሄደው። ማታውኑ ፋይሉን ከፍቼ ጭላዳውን በኮንትሮል ዲ አባዛሁት፣ ከአንዱ ላይ ሶስቱን የጎፈር ኮከቦች አጠፋሁ፣ እናት ሆነች። እሷን ደግሞ አባዝቼ ሲሶ አካባቢ አሳነስኳት። እዚህ ጋ ከላይ ባለው መስመር ሲያሳንስ የስትሮኩን (የጠርዙን መስመር) ውፍረትም አብሮ የሚያሳንሰውን ምልክት ማብራት አትርሱ፣ እሱ ከጠፋ ትንሿ ገላ ላይ የትልቁ ወፍራም ጠርዝ ይቀርና አይኑም አፉም በጥቁር ይዋጣል። ጉልበቶቹን ዘርጋ አድርጌ እናቱ ጀርባ ላይ አስተኛሁት፣ ጆሮውን ከጭንቅላቱ ልክ ትንሽ ተለቅ አደረግኩት፣ ከጀመርኩ 10 ደቂቃም አልሞላኝም። ጠዋት ቁርስ ላይ በስልኬ ሳሳያት ዳቦዋን አስቀምጣ "ይሄኛውንስ መቼ ነው የምታሳትመው?" አለችኝ።