ደሴ ላይ ኬሞ ማስወሰድ ምን ይመስላል?

እናቴ የማህፀን በር ካንሰር ታማ ደሴ አንድ ሆስፒታል 4 ዙር ኬሞ ወስዳለች። ከኩታበር በየ21 ቀኑ እየተመላለስን ነው። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ነርሶቹ ወርቅ ናቸው። የደሴ ብርድ ደም ስር ይደብቃል፤ ካኑላ (መድኃኒቱ የሚገባበትን ቀጭን ቱቦ) ከመትከላቸው በፊት እጇን በሞቀ ፎጣ ይጠቀልሉላታል። "አብሽሩ እማማ፣ ካቃጠለዎት ግን እንዳይታገሱ፣ ቶሎ ይንገሩኝ" ትላታለች አንዷ። እውነቷን ነው፣ መድኃኒቱ ከደም ስር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ይጎዳል፣ እናቴ ደግሞ ሕመሟን ዋጥ አድርጋ ዝም የምትል ሰው ናት።

መጀመሪያ የአለርጂ መከላከያ ትወጋለች። ከዚያ ፓክሊታክስል የሚባለው የኬሞ መድኃኒት 3 ሰዓት ይንጠባጠብላታል። ሲጀመር ነርሷ ከጎኗ አትጠፋም፤ ሰውነት የሚቆጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ቀጥሎ ሁለተኛው የኬሞ መድኃኒት፣ ሲስፕላቲን። እናቴ "ይሄስ በኪኒን አይሆንም?" ብላ ጠይቃለች፤ አይሆንም፣ በደም ስር ነው የሚሰጠው። ኩላሊት ላይ ክፉ ስለሆነ ከመድኃኒቱ በፊትም በኋላም ብዙ ፈሳሽ ይሰጧታል፣ ሁላችንም ጉሉኮስ እንለዋለን እንጂ ጨው ያለበት ውኃ ነው፣ ሽንቷንም እየለኩ ይመዘግባሉ። ይሄን ሳይሰለቹ ስለሚያደርጉ ነው ክፍሉን የማምነው። ጠዋት 2 ሰዓት ገብተን 11 ሰዓት ብንወጣም ቅር አይለኝም።

ያናደደኝ 3ኛው ዙር ነው። የፓክሊታክስሉ ቱቦ አልቋል ተባልኩ። ተራው ቱቦ አይሆንም፤ መድኃኒቱ የተበጠበጠበት ፈሳሽ ከለስላሳው ፕላስቲክ ኬሚካል እየሸረሸረ ወደ ደም ያስገባል። እሺ፣ ገባኝ። ግን እናቴን አልጋ ላይ አስተኝቼ ከፒያሳ ጀምሮ ፋርማሲ ለፋርማሲ 2 ሰዓት ስሮጥ ነበር። ከዋዜማው አንድ ስልክ ቢደውሉልኝ ምን ነበረበት? ገንዘቡ በእጁ የሌለ ገበሬ ቢሆንስ?

ሌላው፣ ማቅለሽለሹ ቤት ከገባን በኋላ፣ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን እንደሚብስ ማንም አልነገረን። የመጀመሪያው ዙር ላይ አጥሚት እንኳ አልወርድ ብሏት ተደናግጠን ነበር። የማስታወክ መከላከያውን ኪኒን ለስንት ቀን እንደምትወስድ ሳትጠይቁ እንዳትወጡ። ጋቢም ያዙ፣ ክፍሉ ይበርዳል። ለአስታማሚ ወንበር የለም።

በ4ኛው ዙር እናቴ ለነርሷ ግራ እጇን ዘረጋችላት። "ቀኙን ተይልኝ ልጄ፣ ቡና የማፈላበት ነው።" ነርሷ ግራው ላይ ደም ስር እስክታገኝ ብዙ ለፋች፣ ቀኙን ግን አልነካችውም።