ለቆየ የድንጋይ ግንብ፦ ኖራ ወይስ ሲሚንቶ?

ሲሚንቶ በየሱቁ ይገኛል፣ በማግስቱም ጠንክሮ ያድራል። ግን እንደ ኖራ እርጥበት አያሳልፍም። ግንቡ የጠጣው ዝናብ በሲሚንቶ በተሞላው የድንጋዮቹ መጋጠሚያ መውጣት ሲያቅተው ጨው ይዞ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ የድንጋዩ ፊትም እንደ ቅርፊት ይላጣል። በጎንደር ፋሲል ግቢ በጣሊያን ጊዜ የተለጠፈው ሲሚንቶ ኋላ ተነቅሎ በኖራ የተተካው ያለ ነገር አይደለም።

ኖራ ትዕግሥት ይጠይቃል። በውሃ የበረደ ኖራ 1 እጅ፣ የታጠበ አሸዋ 3 እጅ። መጋጠሚያውን ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ጠርጎ፣ አርጥቦ መሙላት፤ ከዚያ ሳምንት ያህል በእርጥብ ጆንያ መሸፈን። ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው በጣት ሲነካ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ክረምት ሳይገባ መጨረስ ግድ ነው።

በኖራ ለታነጸ ግንብ ኖራ፤ ከቅርሱ ርቆ ለሚሠራ አዲስ የጥበቃ ቤት ሲሚንቶ ይበቃል። የተመዘገበ ቅርስ ከሆነ አንድ ድንጋይ ከመነካቱ በፊት ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ይያዝ።