ወገቤን ላቃናችልኝ የዮጋ መምህርቴ

ሃያ ሁለት ዓመት የሀበሻ ቀሚስ ስሰፋ ኖሬአለሁ። ስፌት ማሽን ላይ አጎንብሶ መዋል ምን እንደሚያደርግ የሙያ ጓደኞቼ ታውቁታላችሁ፤ ከወንበር ስነሳ ግድግዳ መያዝ ጀምሬ ነበር። ሌሊቱንም ያላደረስኩት የደንበኛ ልብስ እንቅልፍ ይነሳኛል። ሐኪሙ በኤምአርአይ አይቶ «ዲስክሽ አልተንሸራተተም፤ ሰውነትሽን አንቀሳቅሺ» አለኝ። ነርስ የሆነችው እህቴ ደግሞ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት እንዲሞከሩ ከመከራቸው ነገሮች አንዱ ዮጋ መሆኑን ነግራኝ፣ እጄን ይዛ ገርጂ ወደምታስተምረው ወደዚህች ልጅ ወሰደችኝ።

ልጅቷ ምንጣፍ ላይ ከማስቀመጧ በፊት ስለ ደም ግፊቴ፣ ስለ ዓይኔ፣ ስለ ቀድሞ ሕመሜ ሁሉ ጠየቀችኝ። ግፊት እንዳለብኝ ስነግራት ጭንቅላትን ቁልቁል ከሚደፉት እንቅስቃሴዎች አስቀረችኝ፤ ክኒኔን እንዳላቋርጥም አስጠነቀቀችኝ። ይህን የማይጠይቅ አስተማሪ ዘንድ ባትሄዱ እመክራለሁ።

ጉልበቴ መሬቱን አልችል ሲል የራሷን ጋቢ አራት ቦታ አጥፋ ከሥሩ አስገባችልኝ። ተንበርክኬ፣ በእጆቼ ተደግፌ፣ ጀርባዬን እንደ ድመት ሳጎብጥ ድምፅዋ ከኋላዬ መጣ፦ «እትዬ፣ ትንፋሽዎን ይዘዋል።» እውነቷን ነው። ለካ መርፌ ላይ ክር ሳስገባም፣ ጥለት ስቆርጥም፣ ቀኑን ሙሉ ትንፋሼን ይዤ ነው የምውለው! አራት ቆጥሬ እንድስብ፣ ስድስት ቆጥሬ እንዳስወጣ አስተማረችኝ። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ዝግ ይላል፤ አወጣጡ ሲረዝም ሰውነት ይረጋጋል። ዛሬ እንቅልፍ ሲሸሸኝ ጨለማው ውስጥ የምቆጥረው ይህንኑ ነው።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁትን እኔም ጠይቄአታለሁ፦ «ሃይማኖቴን አይነካም?» መነሻው ሕንድ መሆኑን፣ ከዚያ አገር መንፈሳዊ ሕይወት ጋር የተሳሰረ መሆኑን ሳትሸሽግ ነገረችኝ። እሷ የምታስተምረው ግን እንቅስቃሴና አተነፋፈስ ብቻ ነው፤ ዜማም ጸሎትም የለበትም። ውሳኔውንም ለእኔ ተወችው። ያሳመነኝ ይህ ግልጽነቷ ነው። ቃሉ በሳንስክሪት ማጣመር፣ መጥመድ ማለት ነው አለችኝ፤ በሬ በቀንበር እንደሚጠመደው። ዩኔስኮ ዮጋን በቅርስነት የመዘገበው በኅዳር 2009 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በተካሄደ ጉባኤ መሆኑንም የሰማሁት ከእሷ ነው፤ የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነው።

ስምንት ወር ሆነኝ። ሕመሙ ጨርሶ ጠፋ አልልም፤ የበዓል ሰሞን ሥራ ሲበዛ ይነካካኛል። ግን ግድግዳ ሳልይዝ እነሳለሁ፤ ልጆቼም ቁጣሽ ቀነሰ ይሉኛል። መምህርቴ ሆይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅሽ ይባረክ።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ትምህርቱ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው፤ ከስምንት ሰው በላይ አትቀበልም። ቁርስ ሳትበሉ፣ ሰፋ ያለ ልብስ ለብሳችሁ ሂዱ፤ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ደግሞ ጋቢ ያዙ።